የክሪኩ ኮርቻና ሁለት ስንኝ

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ከዘራ ይዘው ፀሐይ የሚሞቁ። እኔ ገና ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ሆኖም ዐሥራ አንድ ዓመት የኖርኩበትን ሙያ ባለፈው ሰኔ ትቼ ስለወጣሁ፣ ለዚያ ሙያ ጡረተኛ ነኝ ብል ሐሰት አይሆንም። አሁን በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሌሎች የጻፉትን አነባለሁ፤ የተገደፈ ፊደል ሳገኝ በቀይ እከባለሁ። በጥፍሮቼ ሥር የነበረው ጥቁር ዘይት በሁለት ወር ውስጥ ለቆ ጠፋ።

ለምን ተውከው ብለው ሰዎች ሲጠይቁኝ መልሴ እንደ ጠያቂው ይለያያል። ለእናቴ ደረቴን ብርድ መታኝ አልኳት። ለጎረቤታችን ደመወዙ ይሻላል አልኩት፤ አይሻልም። ለራሴ የምሰጠው መልስ ደግሞ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ከመጀመሪያው ተነሥቼ ብጽፈው አንዱ መልስ ረግቶ ይቀመጥ እንደሆነ ልሞክር።

ሥራ የጀመርኩት መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ብስክሌት ከሚጠግን አንድ ሰው ዘንድ ነው። ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው አቦ ደጅ ሲሆን ከዳዊት አላለፍኩም። የቀረውን ያስተማረኝ አሮጌ ጋዜጣ ነው። እጅ መጥረጊያ እንዲሆን በክምር ይመጣልን ነበርና፣ ሌሎቹ ይጠርጉበታል፣ እኔ አነበዋለሁ። ግጥም ካገኘሁ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ወረቀቱን ኪሴ እከተዋለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ሌላ ሰው ቀድሞኝ ስለሚጠርግበት የግጥሙ መጨረሻ በግራሶ ቅባት ተሸፍኖ አገኘዋለሁ። ያን ጊዜ የጎደለውን ራሴ እሞላዋለሁ። ግጥም መጻፍ የጀመርኩት እንዲህ ነው፤ የሰውን ግጥም እንደ ብስክሌት እየጠገንኩ።

ሁለት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ወደ ነፋስ ስልክ ተሻገርኩ። በደብረ ዘይት መንገድ ዳር፣ ከጠላት ጋር መጥቶ ጠላት ሲወጣ የቀረ ሲኞር ካርሎ የሚባል ጣሊያን ጋራዥ ነበረው። ቅጥሩ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። በግራ በኩል መኪና ይሠራል፣ በቀኝ በኩል ሞተር ሳይክል። ሞተር ሳይክሎቹ አብዛኞቹ የመሥሪያ ቤት ተላላኪዎች የሚነዷቸው ናቸው፤ እኔም የተመደብኩት በዚያ በኩል ነበር።

የሁለቱ ወገን አነጋገር እንኳ ይለያይ ነበር። በቀኝ በኩል «ሞተሩን አምጣው» ብትባል ሁለት እግር ያለውን እየገፋህ ታመጣለህ። በግራ በኩል ብትባል ሦስት ሰው ጠርተህ ማሽኑን ከመኪናው ሆድ ታወጣለህ። ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ይህ ለማንም ግር ብሎ አላየሁም። ሰው የቆመበትን ያውቃል፣ ቃሉም ሰውየው የቆመበትን ያውቃል፤ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ሲኞር ካርሎ አማርኛ የሚያውቀው ለሴት የሚነገረውን ብቻ ነው። ማን እንዳስተማረው እኛም እንጠረጥራለን፣ እሱም አይክድም። ጢማም ወንድ ሁሉ ለእሱ «አንቺ» ነው፤ ክሪክም ጎማም «እሷ» ናት። ሲቆጣ እንኳ «ነይ እዚህ» ሲል ስድቡ ግማሹ ይለዝባል። ክፉ ሰው አልነበረም። የወሩን ደመወዝ ቀኑን ጠብቆ ይሰጣል፤ ወረቀት ስለሚፈራ ደረሰኝ መጻፍ ለእኔ ይተውልኛል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ጋሽ በላይነህ ናቸው። ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። የሰሙትን ግን አይረሱም፤ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ስለ ፍሬኑ ያለውን ቃል በቃል ይደግሙታል። ብሎን ካጠበቁ በኋላ በጥፍራቸው ጀርባ መታ አድርገው ያዳምጣሉ። ድምፁ ካልጣማቸው ይፈቱትና እንደገና ያጠብቃሉ። መሣሪያ ሲያቀብሉ አይወረውሩም፤ እጅህ ላይ አስቀምጠው ጣቶችህ እስኪጨብጡት ይጠብቃሉ። የተነሣ ሞተር ሳይክል ሥር ማንም እጁን ከማስገባቱ በፊት በዳሌያቸው ገፋ ያደርጉታል። «መጀመሪያ እሱ ይነቅነቅ እንጂ ያንተ ጣት አይሁን» ይሉኛል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቁት ግን በአንድ ጥያቄ ነው። ደንበኛ ይመጣና ጎማው ይጮኻል ይላል። «የትኛው?» ይላሉ። የኋላው ይላል። «ሲሄድ ነው ሲቆም? የትኛው?» ይላሉ። ይህን ስለሚያበዙ የመኪና ወገን ሠራተኞች ጋሽ የትኛው ብለው ስም አውጥተውላቸው ነበር። እሳቸውም ሰምተው አይቆጡም። አንድ ጊዜ አንደኛው በስሙ ሲጠራቸው «የትኛው ጋሽ የትኛው?» ብለው ግቢውን ሁሉ አሳቁት።

ያን ጊዜ ሞተር ሳይክል የምናነሣው በጉልበት ነበር። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ብድግ ያደርጋል፣ ሦስተኛው ጉማጅ ግንድ ከሥሩ ይወትፋል። አንድ ክረምት ጋሽ በላይነህ ከአንድ ከባድ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ጋር ብድግ እንዳሉ ወገባቸው ያዛቸው። መሬቱ ላይ በጎናቸው ተኝተው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ «አትንኩኝ፣ ቆይ» አሉን። አራት ቀን ቀሩ። በአምስተኛው ቀን ሲመለሱ ሲኞር ካርሎ ማንሣት የማትችል መካኒክ ምን ታደርግልኛለች፣ በር ላይ ወንበር ልስጣት ሲል ሰማሁ። በር ላይ ወንበር ማለት ዘበኝነት ነው። ጋሽ በላይነህም ሰምተዋል። ያን ቀን ማንንም የትኛው ብለው ሳይጠይቁ ዋሉ።

የመኪናው ክሪክ ስንት ኩንታል የሚያነሣ ሆኖ ሳለ ለሞተር ሳይክል አይሆንም። ራሱ ከሻይ ብርጭቆ አፍ አይሰፋም። ሞተር ሳይክሉ ደግሞ ከታች ሁለት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች አሉት፣ በመካከላቸው የማሽኑ ሆድ ተንጠልጥሏል። ክሪኩን ከሆዱ ሥር ብታስገባ ሆዱ ይሰነጠቃል፤ ከአንዱ ቱቦ ሥር ብታስገባ እንደ ሰካራም ጋደም ይላል። በውጭ አገር ለዚሁ የተሠራ ማንሻ እንዳለ ሲኞር ካርሎ በሥዕል አሳይቶን ነበር። ዋጋውን አነበበና መጽሐፉን ዘጋው።

እኔ ያሰብኩት ለክሪኩ ራስ ኮርቻ መሥራት ነው። ፈረስ ጀርባ ላይ ያለ ኮርቻ ሰውየውን እንደሚይዘው፣ ክሪኩ ላይ የሚቀመጥ፣ ቱቦዎቹን ግራና ቀኝ የሚይዝ፣ መካከሉ ጎድጎድ ብሎ የማሽኑን ሆድ የማይነካ እንጨት። መጀመሪያ በባሕር ዛፍ ሠራሁትና ገና ሲጫነው ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ከተጣለ በር ላይ ሁለት የዋንዛ ሳንቃ አገኘሁ፤ ሁለቱን አጣብቄ በብሎን አሰርኩ። ከሥሩ የክሪኩን ራስ የሚውጥ አጭር የቧንቧ ቁራጭ በብረት ሳሕን ላይ አስበይጄ ገጠምኩበት። ይኸኛው አልተሰነጠቀም፤ ሞተር ሳይክሉ ግን ከፍ ሲል በአፍንጫው ተደፋ።

ይህን ያስተካከሉት ጋሽ በላይነህ ናቸው። አንድ ክብ ቧንቧ በሞተር ሳይክሉ ሥር አግድም አስገብተው ወደፊትና ወደኋላ አንከባለሉት፤ የፊቱም የኋላውም ጎማ እኩል የሚቀልበትን ቦታ አገኙና በጠመኔ ምልክት አደረጉ። እኔ መካከሉ ነው ብዬ ከገመትኩት አንድ ጫማ ያህል ወደፊት ነበር። ከዚያ ቱቦዎቹን ጥላሸት ቀቡና ኮርቻውን ከሥር አስጠግተው ተጫኑት። እንጨቱ ላይ የጠቆረውን ብቻ በመሮ ፈልፍል አሉኝ። ፈለፈልኩ፤ እንደገና ጥላሸት፣ እንደገና መሮ። ስድስት ጊዜ ያህል ከተመላለስን በኋላ ቱቦው ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ድምፅ አልነበረውም፤ ጥሩ የተሰፋ ጫማ ውስጥ እንደሚገባ እግር። በመጨረሻ ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቆርጠን እንዳያንሸራትት በምስማር መታንበት። ከምስማሩ በቀር ያወጣነው ገንዘብ የለም።

ጋሽ በላይነህ ያንን የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ብቻቸውን፣ ጎንበስ ብለው የክሪኩን እጀታ እያዞሩ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል አነሡት። በዳሌያቸው ገፋ አደረጉት። አልተነቃነቀም። ሲኞር ካርሎ ከቢሮው ወጥቶ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ተመልሶ ገባ። የበሩ ወንበር ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ዛሬም መካኒክ ነበርኩ።

አልቆምኩም። ኮርቻው ያማረ ነገር ስለሆነ ጽሑፍ ያስፈልገዋል ብዬ አሰብኩ። ቀይ ቀለም ነበረን። «ለሞተር ሳይክል» ብዬ መጻፍ ስችል ሁለት ስንኝ ገጠምኩና በእንጨቱ ግንባር ላይ በጥሩ ቁም ጽሕፈት ጻፍኩት።

ወገብህን ሳትሰብር፣
በእኔ ላይ አንሣ ሞተር።

በሕይወቴ ከወረቀት ውጭ የጻፍኩት የመጀመሪያ ግጥም ነው። ጋሽ በላይነህ ምን ይላል አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። ስለ ወገብ የተነሣው የእሳቸው ነገር መሆኑን አውቀው ፈገግ አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው «የትኛው ሞተር?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄንን እዚህ ግቢ የማያውቅ አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔስ አውቀዋለሁ። ለማያውቀው ነው እንጂ የሚጻፈው።»

ሳቅኩ። የተናገሩት ዕድሜያቸውን ሙሉ የተናገሩትን ስለሆነ እንደ ልማድ ቆጠርኩት።

አሁን ስለ ቱፋ ልንገር። ቱፋ በመኪናው ወገን የሚሠራ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ ጠንካራ ሰው ነው። ቤተሰቡ ፉሪ የቆየ ገበሬ ነው፤ እሱም በክረምት ማልዶ አርሶ ነው ሥራ የሚገባው። ደመወዝ ሲቀበል በአውራ ጣቱ ይፈርም ነበር። የጣቱ ቀለም እስከ ማግስቱ ስለማይለቅ የደመወዝ ቀን እጁን ኪሱ ከትቶ ይውላል። አንድ ቀን፣ ፊደል ለማወቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ ጠየቀኝ። በምሳ ሰዓት የመኪና ክዳን ላይ በተኛ አቧራ በጣቴ እየጻፍኩ አስተማርኩት። ዓመት አልፈጀም። በስሙ የፈረመ ቀን እስክሪብቶውን አልመልስም ብሎ ሲኞር ካርሎን አስቸገረው።

ከዚያ ወዲያ ቱፋ ያልተነበበ ነገር አይተውም። የዘይት ቆርቆሮ፣ የሳሙና ወረቀት፣ የመኪና ሰሌዳ፣ ሁሉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ያነበበውንም ያከብራል። ቤንዚን በምናስቀምጥበት በር ላይ ማጨስ ክልክል ነው የሚል አለ፤ ሲኞር ካርሎ እያጨሰ ሲያልፍ ቱፋ አስቆመው። «ሲኞር፣ ተጽፏል» አለው። ሲኞር ካርሎ የራሱን ቤት ጽሑፍ ማንበብ ስለማይችል ደንግጦ ሲጋራውን ረገጠው። ሳምንቱን ሙሉ ስንስቅ ከረምን።

ባለፈው ግንቦት አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ በቀኝ በኩል ካርቡራተር እያጠብኩ ነበር። ጋሽ በላይነህ ለምሳ ወጥተው አልተመለሱም። በግራ በኩል ቱፋ የአንዲት ትንሽ መኪና ማሽን የሚያርፍበትን የላስቲክ ትራስ ሊቀይር ማሽኑን ከሥር ትንሽ ማንሣት ፈለገ። ኮርቻው ክሪክ ላይ እንዳለ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። አነበበው። በእኔ ላይ አንሣ ሞተር ይላል። በግራ በኩል ሞተር ማለት ማሽን ነው። አንሥቶ ወሰደው።

ጩኸት አልሰማሁም። የክሪኩ እጀታ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ፣ ከዚያም የቱፋን ድምፅ ሰማሁ። እንደ ሌላው ቀን ባለ ድምፅ «አበራ፣ አንዴ ና» አለኝ። ስደርስ በጉልበቱ ተንበርክኮ ቀኝ እጁ ከማሽኑ ሥር ነው። ለሁለት ቱቦ የተፈለፈለው እንጨት ድቡልቡሉን የማሽን ሆድ መያዝ ስላልቻለ ተንከባሎ ወጥቷል። ሦስት ሆነን ማሽኑን አነሣንለት። ሐኪም ቤት ሁለት ጣቶቹን፣ ትንሿንና የቀለበት ጣቱን፣ ቆረጡለት።

በማግስቱ ጠዋት ሲኞር ካርሎ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበ። ኮርቻውን በሁለት እጁ ይዞ ጽሑፉን ወደ እኔ አዞረው። «አበራ፣ ምን ትላለች ይቺ?» አለኝ።

እስከ ዛሬ የማይገባኝ እዚህ ላይ ነው። ልዋሽ አላሰብኩም። አፌን ስከፍት ስንኙን ልናገር ነበር። የወጣው ግን «ለሞተር ሳይክል ብቻ ትላለች» የሚል ነው። መጻፍ የነበረብኝን እንደ ተጻፈ አድርጌ አነበብኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚያምር እውነት መሰለኝ፤ አጭር፣ ግልጽ።

ለሲኞር ካርሎ ነገሩ ተገለጠለት። ቱፋ አንባቢ ነኝ ትላለች፣ ግን አታነብም አለ። ተጽፎላት ሳለ ያልሰማች ጥፋቱ የራሷ ነው፤ የታመመችበትን አልከፍልም፣ ስትድንም ሌላ ቦታ ትፈልግ አለ። ፊደል ከሚያውቁት አንዳቸውም እንጨቱን ተጠግተው አላዩትም፤ ደረሰኝ ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ የእኔ ንባብ በቂ ነበር። ጋሽ በላይነህ ከኋላ ቆመዋል። ፊደል አያውቁም። የሰሙትን ግን አይረሱም።

ጋሽ በላይነህ ወደ ሥራቸው ተመለሱና አንድ ጎማ መፍታት ጀመሩ። ጥቂት ቆይተው በአፍንጫቸው አንድ ዜማ ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። ያንጎራጎሩበትን ቀን አላስታውስም ነበርና ጆሮዬን ጣልኩ። ወገብህን ሳትሰብር፣ በእኔ ላይ አንሣ ሞተር። ብሎን ሲፈቱ፣ ወገብህን ሳትሰብር። ብሎን ሲያጠብቁ፣ በእኔ ላይ አንሣ ሞተር። ወደ እኔ አይመለከቱም። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ዜማው ደስ ስለሚል በሦስተኛው ቀን የመኪናው ወገን ሁሉ ተቀበላቸው፤ ሲኞር ካርሎም ትርጉሙን ሳያውቅ በፉጨት ይዞት በግቢው ሲመላለስ ዋለ። እኔ ግጥሜን ሰው ሁሉ በቃሉ እንዲይዘው የተመኘሁበት ጊዜ ነበር። አሁን የት እንደምደበቅ አጣሁ።

በዚያው ሰሞን ቱፋን የጠየቀው አንድ ሠራተኛ ወሬ ይዞ መጣ። ጽሑፉ ለሞተር ሳይክል ብቻ እንደሚል ብነግረው፣ «እንደዚያ ነው የሚለው?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ አለን።

እሑድ ወደ ፉሪ ሄድኩ። በመካኒሳ አድርጌ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ አዲስ በታረሰ መሬት መካከል ነው መንገዱ። በልቤ የምናገረውን አዘጋጅቼ፣ ሰድቦ ቢያባርረኝ እንዴት እንደምመለስ ሁሉ አስቤ ነበር። የቱፋ ወንድም በሬ ፈትቶ ከማሳ ሲመለስ አገኘሁትና ቤቱን አሳየኝ።

ቤቱ ደጃፍ ስደርስ ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። በእንጨቱ በር ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በከሰል ተጽፏል። ፊደሎቹ የግራ እጅ ስለሆኑ ወድቀዋል፣ ተጋድመዋል። ያው ሁለት ስንኝ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ደጋግሞ። አንዳንዱ ቦታ ሞ የሚለውን ፊደል ብቻ ለይቶ አሥር ጊዜ ጽፎታል፤ ልክ መሆን አለመሆኑን ሲፈትን።

ቱፋ እጁን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። እንደ እንግዳ ተቀበለኝ። እናቱን አዴ ጫልቱን ጠራና እኔን እያሳየ በኦሮምኛ ነገራት፤ አስተማሪዬ ነው እንዳላት ገባኝ። በርጩማ አወጡልኝ። ከተቀመጥን በኋላ በሩን በአገጩ አሳየኝ።

«አበራ፣ አርባ ጊዜ አነበብኩት፤ አርባ ጊዜ ያው ነው የሚለው። ከዚያ እናንተ ሌላ ነው አላችሁ። እንግዲህ ወይ ዓይኔ ነው፣ ወይ ያስተማርከኝ ጠፍቶብኛል። የትኛውን ፊደል ነው የሳትኩት?»

«አንድም አልሳትክም» አልኩት። የዋሸኋቸው እኔ ነኝ፣ ጽሑፉ አንተ ያነበብከው ነው፣ ሲኞር ካርሎ ፊት ለሞተር ሳይክል ብቻ ይላል ያልኩት እኔ ነኝ አልኩት። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነበር የተናገርኩት።

ቱፋ በሩን አየ። የመጀመሪያውን መሥመር በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ሁለተኛውንም። ከዚያ ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው።

«እንግዲያ ማንበብ እችላለሁ» አለ።

እናቱን ጠርቶ ነገራት። አዴ ጫልቱ ምኑ እንደሆነ ሳይገባት ልጇ ስለሳቀ ሳቀች፤ እርጎ በቅል አምጥታ ሰጠችኝ። ልረገም ሄጄ እርጎ ጠጣሁ። ቅሉን በሁለት እጄ ይዤ ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለብኝ አላወቅሁም። ሁለት ጣቱን ያጣ ሰው ደስ ብሎት፣ ዐሥር ጣት ያለኝ እኔ ዓይኔን ቅሉ ላይ ተክያለሁ።

ቱፋ ወደ እኔ ዞረ። «ግን ሞተር ሳይክል ብትል ምን ነበረበት?»

«ቤት አልመታ አለኝ።»

«ምን አልመታ አለህ?»

አስረዳሁት። ግጥም ሲገጠም የሁለቱ መሥመር መጨረሻ አንድ ዓይነት ድምፅ መስጠት አለበት፤ ያ ቤት መምታት ይባላል አልኩት። ሳትሰብር ላይ ሞተር ይመታል፣ ሳይክል ግን አይመታም አልኩት። ይህን ሳስረዳ የምሳ ሰዓቱ አስተማሪ ሆኜ ነበር፤ ጣቴን ሁሉ አንሥቼ።

ቱፋ እንደ ጥሩ ተማሪ ደገመው። «ሳትሰብር። ሞተር።» የታሰረ እጁን ተመለከተ። «መቷል» አለ። «ቤትስ መቷል። የእኔን ነው እንጂ።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ ይኑር ቀልድ ይኑር አልለየሁትም። ፈገግታ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ፈገግታው ከምን እንደመጣ ግን አላወቅሁም። የተረፈውን እርጎ ጨረስኩና ተነሣሁ፤ እስከ መንገዱ ሸኘኝ።

ሰኞ ጠዋት ሲኞር ካርሎ ቢሮ ገባሁ። ስንኙን ተረጎምኩለት። ክሪክ ላይ ግጥም ይጻፋል ብሎ ማመን አቃተው። ቱፋን ለማዳን የፈጠርኩት መሰለው። ጋሽ በላይነህ ተጠሩ፤ በሩ ላይ ቆመው፣ ያለ ዜማ፣ ቃል በቃል ተናገሩት። ያን ጊዜ ሲኞር ካርሎ ራሱ በፉጨት ሲያዜመው የነበረው ይኸው መሆኑን አወቀና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ለቱፋ የታመመበት ተከፈለው። እጁ ሲድንም ዕቃ ግምጃ ቤት ይግባ፣ የዕቃ ዝርዝር የሚያነብ ሰው ያስፈልገኛል ተባለ። ቱፋ ዛሬም እዚያ ነው፤ በግራ እጁ ይፈርማል።

እኔን አላባረረኝም። ጽሑፉን አጥፊና ሌላ ጻፊ አለኝ። በጥቁር ቀለም ደፈንኩትና ለሞተር ሳይክል ብቻ ብዬ ጻፍኩበት። ውሸቴን ነው የጻፍኩበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነት ሆነ። ጋሽ በላይነህ አንብብልኝ አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። ጥያቄ አልጠየቁም።

እንግዲህ ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሶ ሳለ ለምን ለቀቅሁ? ጋሽ በላይነህ ኀፍረት መስሏቸው፣ «ኀፍረት ሥራ ሲሠሩ ይለቃል» አሉኝ። ሲኞር ካርሎ ሌላ ጋራዥ አግኝቼ መሰለው። ማተሚያ ቤት የቀጠረኝ ሰው ደግሞ ለፊደል ጥንቃቄ ያለኝ መስሎታል።

ለእነዚህ ሁሉ ያልነገርኩት አለ። ያን እሑድ ከፉሪ ስመለስ መንገዱን አላየሁትም። ስለ ቱፋ እጅ የማስብ መስሎኝ ነበር። ከንፈሬ ግን ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቤትስ መቷል፣ የእኔን ነው እንጂ፤ ቤትስ መቷል፣ የእኔን ነው እንጂ። ሰሙ ይኸ ነው፣ ወርቁ ያ ነው እያልኩ፣ ዓመት ያልሞላው አንባቢ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ቻለ ብዬ እየቀናሁ ሄድኩ። መካኒሳ ስደርስ አንዲት ሴት መንገድ ለቀቀችልኝ፤ እብድ ሳልመስላት አልቀረም። ቆም ብዬ እጆቼን አየኋቸው። የቱፋ ቃል ስንኝ ይወጣው እንደሆነ የፊደሉን ቀለም በጣቶቼ እየቆጠርኩ ነበር።